ከመብራቱ ጋር የሄደው

ሱቄ ውስጥ ያለው ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የለውም። ከሥሩ ያለውን ክዳን ብትከፍቱት ዲስኩ የነበረበት ቦታ ባዶውን ነው። ደንበኞቼ ይህን አያውቁም። ማመልከቻ ያጽፋሉ፣ ያሳትማሉ፣ ከፍለው ይሄዳሉ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሆኖኝም ጠዋት ስከፍተው አሁንም ደስ ይለኛል። ከኪሴ ፍላሽ አወጣለሁ። እሰካለሁ። ግማሽ ደቂቃ እጠብቃለሁ። ነቅዬ መልሼ ኪሴ እከታለሁ። ከዚያ እስከ ማታ ኮምፒውተሩ የሚሠራው ከራሙ፣ መብራት እስካለ ብቻ ከሚያስታውሰው ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ብቻ ነው። ማታ ሳጠፋው ደግሞ የቀኑን ውሎ በሙሉ ይረሳል።

ሱቅ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጅማ፣ ሄርማታ ያለች አንድ በር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ ደንበኛ የሚቀመጥባት አንዲት የጅማ በርጩማ። በርጩማዋን የሰጠችኝ አያቴ ናት። ከሱቁ ዕቃ ሁሉ አንድም ቀን ያልተበላሸችው እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ የተጀመረው በክረምት ነው። የጅማን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል። ሌላው አገር ሳይጀምር ይጀምራል፣ ሌላው ሲያባራ እሱ ገና ነው። ዝናብ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ያ 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ አለ። "ወንዙ የእኛ፣ መብራቱ የሰው" እያልን እንስቃለን። ከመሳቅ ሌላ ምን ይደረጋል።

የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩም አብሮ ድርግም ይላል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ይህን አይወድም። የእኔው ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ከሳህኑ በላይ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት የምትንሳፈፍ የማንበቢያና የመጻፊያ ጫፍ አለች። እየጻፈች ሳለ መብራት ከተነጠቀ የጀመረችው ነገር ግማሹ ይጻፋል፣ ግማሹ ይቀራል። በቀን ሦስት አራቴ እንዲህ እየሆነ ከረመ። ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት "ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ" ማለት ጀመረ። ያን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። የሦስት ዓመት የደንበኛ ሰነድ ይዞ ሄደ።

አዲስ ዲስክ መግዣ አልነበረኝም። የቤት ኪራይ ደርሷል፣ ወሩ ደግሞ ተማሪ ወደ አገሩ የሚገባበት ወር ነው። ሱቁ ጭር ብሏል። በዚህ መሀል ተማሪ ሳለሁ የሰማሁት ነገር ትዝ አለኝ፤ ሊኑክስ፣ ያ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅሰው ነጻ ሲስተም፣ ያለ ዲስክ ይነሳል።

አዲስ ነገር አይደለም። ክላውስ ክኖፐር የተባለ ጀርመናዊ ክኖፒክስ የሚባለውን ሊኑክስ ያወጣው በ2000 ነው። እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ክኖፒክስ ከሲዲ ይነሳል፤ ራሙ ከበቃው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ራም ላይ ይገለበጣል። ባሪ ካውለር የተባለ አውስትራሊያዊ በ2003 ፓፒን ጀመረ፤ እሱም ለአሮጌ ኮምፒውተር የታሰበ፣ ራም ላይ የሚያድር ነው። ከዚያም ታይኒ ኮር መጣ።

እኔ የጀመርኩት በታይኒ ኮር ነው። ምክንያቴ ፍልስፍና አልነበረም፣ የኢንተርኔት ፓኬጅ ነው። 20 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። አንድ የሙዚቃ ክሊፕ ከዚያ ይበልጣል። በስልኬ አወረድኩት፣ በጎረቤት ኮምፒውተር ፍላሽ ላይ ጫንኩት፣ ሰካሁት። የሞተው ላፕቶፕ ተነሳ። ማውሱ ተንቀሳቀሰ። ቀጭ ቀጭ የለም። ከማራገቢያው በቀር ምንም ድምፅ የለም። ሱቁን ዘግቼ ለብቻዬ ተቀምጬ ነበርና የምነግረው ሰው አጣሁ።

ደስታዬ አሥር ደቂቃ ቆየ። አማርኛ ፋይል ስከፍት ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደል ሁሉ ለኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጥበት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው፣ ሦስተኛው እትም ላይ። ቦታው አለ፣ ቁጥሩ አለ፤ ፎንቱን ግን አንድ ሰው መጫን አለበት። ፎንት ጫንኩ። ከዚያ የአማርኛ ኪቦርድ። ከዚያ የፕሪንተሩ ድራይቨር። ከዚያ መጻፊያው ፕሮግራም፣ ሊብረኦፊስ። እንዲህ ቁራጭ በቁራጭ እየለጣጠፍኩ ሁለት ሳምንት ቆየሁና በመጨረሻ የራሴን ብሠራ ይሻላል አልኩ። ዴቢያን ከሚባለው ሊኑክስ ተነስቼ፣ ለጽሕፈት ቤት የሚያስፈልገውን ብቻ ይዤ።

ከዚህ ቀጥሎ ጥቂት ቴክኒክ አለ፤ ያልፈለገ ይዝለለው።

ሊኑክስ ሁሉ ሲነሳ ለአፍታ ራም ውስጥ ይኖራል ማለት ይቻላል። ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት፣ ሲነቃ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚሉት ትንሽ የታሸገ ጥቅል ይሰጠዋል። ጥቅሉን ራም ላይ ይፈታውና ውስጡ ያለችውን ኢኒት የምትባል ፕሮግራም ያስነሳል። የእሷ ሥራ ዲስኩን ፈልጋ፣ ከፍታ፣ ቤቱን ለዋናው ሲስተም አስረክባ መሄድ ነው። በሰው ሁሉ ኮምፒውተር ይህ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ማንም አያየውም። እኔ ያደረግኩት ነገር "አትውጣ፣ እዚሁ ኑር" ማለት ብቻ ነው።

የራሴን ኢኒት ጻፍኩ። 40 መስመር ገደማ የሼል ስክሪፕት ናት፤ ትእዛዞች በተራ የተጻፉባት ፋይል። ትእዛዞቹን የምታገኘው ከቢዚቦክስ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ የሊኑክስ ትእዛዞችን በአንድ ትንሽ ፋይል ጨብጦ የያዘ ፕሮግራም። ብሩስ ፔረንስ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሠራው ዴቢያንን በአንድ ፍሎፒ ለማስነሳት ብሎ ነው። ፍሎፒ 1.44 ሜጋባይት ነበር። የዛሬ ልጆች ፍሎፒን የሚያውቁት የሴቭ ምልክት ላይ በተሳለው ሥዕል ነው።

መጀመሪያ ቀን ሳስነሳው ስክሪኑ በነጭ ጽሑፍ ተሞላና ቀጥ አለ። ከርነል ፓኒክ። "ኖ ወርኪንግ ኢኒት ፋውንድ" ይላል፤ የምትሠራ ኢኒት አጣሁ ማለቱ ነው። አለች እኮ! እዚያው ነች፣ በእጄ ነው ያስቀመጥኳት። ሦስት ሌሊት ፈጀሁ። ለካ ስክሪፕቷ እንድትሠራ ፈቃድ አልሰጠኋትም። ሊኑክስ ላይ አንድ ፋይል ፕሮግራም እንዲሆን "አንተ ትሠራለህ" መባል አለበት። አንዲት አጭር ትእዛዝ ናት። ሦስት ሌሊት!

ያ ሲፈታ ሌላ መጣ። አሁን ኢኒት ትነሳለች፣ ግን ፍላሹን አጣሁት ትላለች። ዩኤስቢ ለመንቃት አንድ ሁለት ሰከንድ ይፈልጋል። የእኔ ስክሪፕት ግን ቀድማ ትደርስና በሩን አንኳኩታ፣ ማንም የለም ብላ ትሞታለች። ኢኒት ስትሞት ከርነሉም አብሯት ይሞታል፤ ሕጉ ነው። መፍትሔው ትዕግሥት ማስተማር ሆነ። ፍላሹ እስኪመጣ በየሰከንዱ እየተነሳች እንድታይ አደረግኳት። አስቂኙ ነገር ይህን ስህተት ያገኘሁት በድካም ነው። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ይዞኝ ስክሪፕቷ ውስጥ የረሳኋት የሙከራ መዘግየት ነበረች፤ በእሷ ምክንያት ተነሳ።

ቀሪው ነገር ንጣፍ ነው። ሲስተሙ በሙሉ ስኳሽኤፍኤስ በሚባል አሠራር ተጨምቆ በአንድ ፋይል ታሽጓል። ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ከላዩ ባዶ የራም ንጣፍ ይደረብበታል። ሁለቱን አንድ አስመስሎ የሚያሳየው ኦቨርሌይኤፍኤስ ነው፤ ከ2014 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ። የቤታችንን የሳሎን ጠረጴዛ አስቡት። እናቶቻችን ጥልፉን ያነጥፉና ከላዩ ፕላስቲክ ይደርቡበታል። ቡናው ቢደፋ የሚደፋው ፕላስቲኩ ላይ ነው። ከሥር ያለው ጥልፍ ይታያል እንጂ አይነካም። እኔ ማታ ማታ ፕላስቲኩን ጠቅልዬ እጥላለሁ፤ ጠዋት አዲስ።

ሒሳቡም ቀላል ነው። ላፕቶፑ 4 ጊጋባይት ራም አለው። የታሸገው ፋይል 650 ሜጋባይት ነው፤ ቢፈታ 2 ጊጋ ገደማ ይሆን ነበር፣ ግን ራም ላይም እንደታሸገ ነው የሚቀመጠው፤ የሚፈታው የተፈለገው ቁራጭ ብቻ ነው። የላፕቶፔ ዩኤስቢ አሮጌው ሁለተኛው ትውልድ ነው፤ በሰከንድ 25 ሜጋባይት ቢያወርድ ነው። 650ን ለ25 አካፍሉት። ጠዋት የምጠብቃት ግማሽ ደቂቃ እሷ ናት። ለላይኛው ንጣፍ 1 ጊጋ ፈቀድኩ። ሌላው ለፕሮግራሞች ነው። ራሙ ካለቀ ግን ኦኦኤም ኪለር የሚባል ጉልበተኛ ይመጣል። አያስጠነቅቅም። በአብዛኛው በጣም የወፈረውን መርጦ ይገድላል። ሱቄ ውስጥ የሚሞተው ሁልጊዜ ፋየርፎክስ ነው፤ አንድ ተማሪ 20 ገጽ ከፍቶ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያሰባስብ።

ፍጥነቱን ግን አትጠይቁኝ። ዲስክ አንድ ነገር ለማግኘት ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ራም ከዚያ በመቶ ሺህ ገደማ እጥፍ ይፈጥናል። ድሮ ሊብረኦፊስ እስኪከፈት ደንበኛውን "ኑሮ እንዴት ነው" ብዬ እጠይቅ ነበር። አሁን ኑሯቸውን ሳልሰማ ሥራው ያልቃል።

ያልጠበቅኩት ጥቅም ግን የቫይረሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ጽሕፈት ቤት የከፈተ ሁሉ ይህን መከራ ያውቀዋል። ፍላሽ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፣ ቫይረሱም አብሮ ይዞራል። በተለይ ያ ሾርትከት ቫይረስ። ተማሪው ፍላሹን ሲከፍት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። "ጠፋብኝ" ብሎ ይመጣል፤ አንዳንዷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ሰነዱ ግን አልጠፋም። ቫይረሱ ዋናውን ፎልደር ይደብቀውና በስሙ የውሸት በር ይሠራል። የዊንዶውሱን የመደበቂያ ምልክት ሊኑክስ ከቁብ አይቆጥረውም። ስሰካው ሁሉም ነገር ተዘርግቶ ይታያል። አንዳንዴ ስም የለሽ ፎልደር ውስጥ ተጭኖ ይገኛል፣ እሱንም አወጣዋለሁ። ቫይረሱ በእኔ ላይ መሥራት አይችልም፤ አንድ ቀን ቢችል እንኳ ማታ ከፕላስቲኩ ጋር ተጠቅልሎ ይጣላል። ይኸው በዚህ ሰበብ "ፋይል የሚያወጣው ልጅ" የሚል ስም ወጣልኝ። ምንም ያወጣሁት ነገር የለም፤ እዚያው ነበር።

ነቀፋም አለው፣ አልደብቅም። ብሮውዘሩን ለማደስ ሙሉ ፋይሉን እንደገና ማሸግ አለብኝ። በዚህ አሮጌ ማሽን አንድ ሰዓት ያልፋል። በየወሩ መደረግ ያለበት ነገር ነው፤ በየወሩ አደርገዋለሁ ብዬ ግን አልምልም። አንድ ሰው "ለቤቴ እንዲህ አድርግልኝ" ቢለኝ ደግሞ እምቢ ነው የምለው። የልጆቹን ፎቶ ያጣና ከእኔ ጋር ይጣላል።

ሱቄ በስተጀርባ ቁርኣን ቤት አለ። ጠዋት ፍላሼን ስሰካ የልጆቹ ድምፅ ይሰማል። ልጅ ሆኜ አጮልቄ አይ ነበር። ሎህ ይሉታል ሰሌዳውን። ሸኹ በቀለም ይጽፉለታል፣ ልጁ እየጮኸ ይቀራል፣ ማለትም ያነበንባል፣ በቃሉ ሲይዘው ሰሌዳው በውኃ ይታጠባል። ያኔ የሚያሳዝነኝ ማጠቡ ነበር። ያ ሁሉ ያማረ ጽሑፍ! አሁን ሳስበው ልጁ የተማረው ከመጻፉ ይልቅ ሰሌዳው ስለሚታጠብ ነው። እንደሚታጠብ ያውቃል፣ ስለዚህ ይይዘዋል።

ራምም ውስጡ ሲታይ እንዲሁ ያለ ድግግሞሽ አይኖርም። ሮበርት ዴናርድ አይቢኤም ውስጥ ሆኖ የፈለሰፈው፣ በ1968 የባለቤትነት መብት ያገኘበት አሠራር ነው ዛሬም የምንጠቀምበት። አንድ ቢት ማለት አንዲት ትራንዚስተርና አንዲት ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ናት። ማጠራቀሚያዋ ታፈሳለች። ስለዚህ እያንዳንዷ በ64 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ተነብባ እንደገና መሞላት አለባት። በሰከንድ ከ15 ጊዜ በላይ ማለት ነው። እኔ ማመልከቻ ስጽፍ ኮምፒውተሩ በውስጡ ያለማቋረጥ ይቀራል፤ ልክ እንደ ልጆቹ። መብራት ሲሄድ መቅራቱን ያቆማል። ደግሞ ሲረሳም እንደምናስበው ወዲያው አይደለም። በ2008 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራም ከጠፋ በኋላም ለሰከንዶች፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ለደቂቃዎች ነገሩን ይዞ እንደሚቆይ አሳይተዋል። ጅማ ግን ማን ያቀዘቅዘዋል።

ለሚቀመጥ ነገር አንዲት ስክሪፕት ጻፍኩ። ፍላሹን ስሰካ የመረጥኩትን ፎልደር ጠቅልላ ፍላሹ ላይ ታስቀምጣለች። ታይኒ ኮርም አልፓይን የሚባለው ሌላ ሊኑክስም የራሳቸው ተመሳሳይ ትእዛዝ አላቸው፤ እኔ ግን በአማርኛ ስም አወጣሁላት፤ አኑር። ሊኑክስ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የትእዛዝ ስም ያለ ማጉረምረም ይቀበላል። ጥቁሩ የጽሑፍ ስክሪን ላይ መጀመሪያ ሳጥን ሆና ነበር የምትታየው፤ ከርነሉ እዚያ የሚይዘው ፎንት ቢበዛ 512 ቅርጽ ብቻ ነው። ግን ዴቢያን ውስጥ ለዚያ ስክሪን ተብሎ የተሠራ ጎሃ የሚባል የግዕዝ ፎንት አገኘሁ። ማን እንደዚያ አስቦልን እንደሆነ ምርቃቴ ይድረሰው።

አኑርን ስጽፍ ግን አንድ ነገር አላሰብኩም፤ ራሴን። ባለፈው ግንቦት ከዙሁር በኋላ አንድ ጎረቤታችን መጡ። ሐጂ ነው የምንላቸው። በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። የቡና መሬት ወሰን ጉዳይ ነው፣ ከወንድማቸው ጋር። ወረቀት አልያዙም።

"ሐጂ፣ የተጻፈ ነገር የለዎትም?"

"አንተ ጻፍ እንጂ። እኔ እላለሁ።"

አሉ። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ያለ አንድ መደናቀፍ። ዓመቱን፣ የቆሙትን ሽማግሌዎች፣ ወሰኑ ላይ ያለውን ዋንዛ፣ ከዋንዛው እስከ ጅረቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ስለ ወንድማቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። እዚህ አልደግመውም። በአባታቸው ቀብር ቀን ስለሆነ ነገር ነው። ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ቀዘቀዘ፣ ግን ጻፍኩት። የሰው ጉዳይ ነው፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ። ሴቭ አደረግኩ። ደግሜ ሴቭ አደረግኩ፤ ልማድ ነው። ፕሪንተሩን ልለኩስ ስነሳ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። መብራት ሄደ።

ሴቭ ያደረግኩት ራም ላይ ነው። ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነበር።

"ጠፋ እንዴ?" አሉ ሐጂ።

"ጠፋ ሐጂ። አውፍ ይበሉኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ምን ችግር አለ፣ እኔ ጋ አለ" አሉና ግንባራቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

አንድ ሰዓት ገደማ ተቀመጥን። ከጎን ካለው ቤት ቡና መጣ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡና ዋጋ፣ እሳቸውና ወንድማቸው ልጆች ሆነው ያንን ዋንዛ እየወጡ ስለሚወድቁት አወሩኝ። ዝናቡ ሳይቆም መብራቱ መጣ። ፍላሹን ሰካሁ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠበቅን፣ "በሉ ሐጂ" አልኩ።

እንደገና አሉ። ዓመቱ ያው፣ ሽማግሌዎቹ በዚያው ቅደም ተከተል፣ እርምጃው ያው። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ስንደርስ "ከማክበር ሰላምታ ጋር" ብለው አቆሙ። ጠበቅኩ። ዝም አሉ።

"ሐጂ፣ ስለ ወንድምዎ ያሉት ነገር ቀርቷል። ልጨምረው?"

ወደ በሩ፣ ወደ ዝናቡ አዩ።

"እሱ ከመብራቱ ጋር ሄዷል ልጄ። ተወው።"

"ቶሌ" አልኩ። ፍላሹን እንዳልነቀልኩት አይቼ አኑርን ጻፍኩ። ትንሿ ቀይ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረች። ሐጂ "ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ፤ ወረቀቱ ከፕሪንተሩ እስኪወጣ ድረስ ሳስረዳቸው ቆየሁ።